አምስቱ የዙለይሃ መስመሮች

ዙለይሃ ልትፈታው የተነሣችው ችግር በጣት የሚዳሰስ ነበር። አሥራ ሰባት ትንንሽ የብረት ሳህኖች በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፀጉር ውስጥ ገብተው፣ ከራስ ቆዳዋ ላይ ተለጥፈው፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ሳይንሸራተቱ መቆየት አለባቸው። ፀጉሯ ግን መላጨት የለበትም።

ሳህኖቹ ከሸሚዝ ቁልፍ አይበልጡም። ከእያንዳንዳቸው አንድ ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ ሽቦዎቹ ተሰብስበው ወደ አንድ ሳጥን ይገባሉ። ሳጥኑ ወደ ልጅቷ ራስ ምንም ነገር አይልክም፤ ሥራው ማዳመጥ ብቻ ነው። አንጎላችን ሲሠራ እጅግ ደካማ የሆነ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል፤ ሳህኖቹ ያንን ይለቅማሉ፣ ማሽኑ ደግሞ አጉልቶ በመስመር ይሥለዋል። የሚለቀመው ነገር በጣም ደካማ ስለሆነ በሳህኑና በቆዳው መካከል ስስ የቅባት ሽፋን እንኳ ቢኖር ይበላሻል። ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ይመስላል። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ግን በ2012 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ማንም አያውቀውም ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ደግሞ ፀጉርን እንደ ዙለይሃ የሚያውቅ ሰው አያውቀውም ነበር።

ዙለይሃ ሹሩባ ሠሪ ናት። ቤቷ ከዋናው መንገድ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ ነው። ያን ጊዜ ደጃፏ ላይ አንድ ዝቅተኛ በርጩማ፣ አንድ ትልቅ በርጩማ፣ አንድ ፀጉር መክፈያ የጃርት እሾህና በቆርቆሮ የተቀመጠ ለጋ ቅቤ አይጠፋም ነበር። ለአረፋ ዋዜማ ሴት ልጆች እስከ ቦኖው ድረስ ይሰለፉላት ነበር። ለጥምቀት ዋዜማም እንዲሁ፤ ወረፋው ላይ ጎረቤቷ ለተብርሃን እየተቆጣች ታስተናብራለች። በሩቅ የባጃጁ ጡሩምባ፣ በቅርብ የሴቶቹ ወሬ፣ ከአንዱ ቤት ሬዲዮ ደግሞ የአምባሰል ዜማ ይሰማል። ዛሬ ዙለይሃን ስለዚያ ዘመን ለጠየቃት ሰው መጀመሪያ የምትነግረው ስለ ገበያዋ አይደለም። «ሰው ቁጭ ብሎ ይሠራ ነበር» ትላለች። «የቸኮለ ሰው አልነበረም።»

ልጅቷ ኢንሳፍ የእህቷ ልጅ ናት። እህትየዋ ኑርሀያት ልጇ ሦስት ዓመት ሲሆናት ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። እህትማማቾቹ ያደጉት አርዲቦ ሐይቅ ዳር ባለች መንደር ነው፤ ሹሩባ የተማሩትም አንዳቸው በሌላቸው ራስ ላይ ነው። ዙለይሃ ትልቅ ስለሆነች ብዙ ጊዜ ሠሪዋ እሷ ነበረች። ኑርሀያት አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማትወድ ግማሽ ራሷ ተሠርቶ ግማሹ እንደተንጨባረረ ሮጣ ታመልጥ ነበር።

ኑርሀያት በየሳምንቱ ዓርብ በስልክ ቪዲዮ ትደውላለች። የመጀመሪያው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው።

«ዙሪልኝ እስቲ፣ ጀርባሽን አሳዪኝ።»

ኢንሳፍ ትዞራለች። እናት ከጅዳ ሹሩባውን ታየዋለች፤ ቅቤ ጠጥቶ የሚያበራውን ፀጉር። ለኑርሀያት ያ ፀጉር ልጇ እንደተያዘችላት ማስረጃ ነው። ለዙለይሃም አደራውን እየተወጣች ስለመሆኗ ሌላ የምታሳየው ነገር የላትም።

ኢንሳፍ መፍዘዝ የጀመረችው በ2011 ክረምት ነው። እያወራች ድንገት ዝም ትላለች። ዓይኗ አንድ ቦታ ይተከላል፤ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል፤ እስከ አሥር ወይም አሥራ አምስት ቢቆጠር ነው፣ ከዚያ ካቋረጠችበት ቃል ትቀጥላለች። አትወድቅም፣ አረፋም አትደፍቅም። አስተማሪዋ ሐሳቧ አይሰበሰብም ብላ ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥታታለች። ዙለይሃ ግን ልጅቷን በየቀኑ በጉልበቷ መካከል አስቀምጣ ራሷን የምትነካ ሰው ስለሆነች ልዩነቱን በእጇ ለየችው። «ሐሳብ የያዘው ሰው አንገቱ ይላላል» አለች ለባሏ ለሙሐመድሁሴን። «የሷ አንገት ግን አይላላም። እንደ ዕንጨት ነው ቀጥ የሚለው።»

ደሴ ያለች የልጆች ሐኪም ይህንን ስትሰማ የአንጎል ምርመራ አዘዘች፤ በአንድ የግል ክሊኒክ የሚሠራ፣ በአጭሩ ኢ-ኢ-ጂ የሚባለውን። ቀጠሮ የሰጠችው ሠራተኛ ሁለት ነገር ነገረቻት፤ ምርመራው ላይ እንቅልፍ እንዲወስዳት ልጅቷ ሌሊቱን በደንብ እንዳትተኛ፣ ፀጉሯም በሳሙና ይታጠብ።

ዙለይሃ አጠበችው። ሦስት ጊዜ። ከዚያም ማንኛዋም የአካባቢው ሴት የምታደርገውን አደረገች። የታጠበ ፀጉር ይደርቃል፣ ይሰበራል፤ ስለዚህ ቅቤ ይቀባል። ልጅ ደሴ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ደግሞ እንደተንጨባረረች አይደለም፤ ስለዚህ ሹሩባ ይሠራል። ሠላሳ ሁለት ቀጫጭን መስመር፣ እስከዚያ ቀን ከሠራችው ሁሉ የጠራ። የቅቤው ሽታ ሚኒባሷን ሞልቶት ነበር።

የክሊኒኩ ባለሙያ ታረቀኝ ይባላል፤ ቀጭን፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የልጅቷን ሻሽ ገልጦ አየ።

«በጣም ያምራል» አለ። «ማን ሠራላት?»

«እኔ ነኝ።»

«እጅሽን ይባርከው። ግን እህቴ፣ እኔ ዛሬ እዚህ ላይ አንድም ነገር መለጠፍ አልችልም።»

ፀጉሩን ፈቶ፣ ቅቤውን አጥቦ፣ አድርቆ እስኪጨረስ ቀኑ ያልፋል። ተራቸው ለሌላ ተላለፈ፤ ቀጠሯቸውም ወደ ታኅሣሥ ተገፋ። ከሃያ ዓመት በላይ የኮራችበት እጇ ልጅቷን ሁለት ወር አስጠበቃት።

በታኅሣሥ ፀጉሩን ያለ ቅቤ፣ ያለ ሹሩባ ይዛ ሄደች። ይኸኛው ደግሞ ሌላ ጣጣ አመጣ። የኢንሳፍ ፀጉር ወፍራምና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ፣ ሲለቀቅ ሳህኖቹን እንደ ስፕሪንግ ወደ ላይ ይገፋቸዋል። ታረቀኝ አንዱን ለጥፎ ወደ ሌላው ሲዞር የመጀመሪያው ተነሥቷል። አንድ ሰዓት ተኩል ታግሎ ያወጣው ወረቀት የአንጎሏን ሳይሆን የሳህኖቹን መንሸራተት የሚያሳይ ሆነ። ሐኪሟ አገላብጣ አየችው። ለእንዲህ ዓይነቱ መፍዘዝ መድኃኒቱ እንደ ዓይነቱ ይለያያል፤ አንደኛውን ዓይነት የሚረዳው ሌላኛውን ሊያባብሰው ይችላል፤ ስለዚህ በግምት መስጠት አልፈለገችም። «ይደገም» አለች። «ካልሆነ ፀጉሯን ላጩት።»

በዚያው ሳምንት ሙሐመድሁሴን መረቡን ሲያራግፍ ኢንሳፍ ከሐይቁ ዳር ጉልበቷ ድረስ ውኃ ገብታ ቆማ ነበር። ዓሣ አጥማጅ ነውና ዓይኑ ከውኃው አይርቅም። ልጅቷ ስትፈዝ አያት፤ ከዚያም በፍዘቷ ውስጥ እንዳለች ወደ ጥልቁ አንድ እርምጃ ስትራመድ አያት። በክንዷ ጎትቶ ሲያወጣት ልብሷ እስከ ደረቷ ርሷል። ስትነቃ «ምነው አጎቴ፣ ምን አደረግሁ?» አለችው።

ማታ ዙለይሃ መቀስና ምላጭ አወጣች። በአካባቢው በቀድሞ ጊዜ ሴት ፀጉሯን የምትላጨው የቅርብ ሰው ሲሞትባት ነበር። ሼኾቹ ሲከለክሉት ኖረዋል፤ ልማዱም እየቀረ መጥቷል፤ ምልክቱ ግን ከሰው ልብ አልጠፋም። ኢንሳፍ ምላጩን ስታይ ወደ ግድግዳው ተጠጋች።

«አክስቴ» አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኖ። «እማዬ ሞተች?»

«አዑዙ ቢላህ! ማን አለሽ?»

«ታዲያ ለምን ትላጪኛለሽ?»

ዙለይሃ ምላጩን ወደ ተጠቀለለበት ጨርቅ መለሰችው። በነጋታው ብቻዋን ደሴ ሄደች።

ታረቀኝ ሲያያት የቀጠሮ ቀን ተሳስታ የመጣች መስሎት ነበር። እሷ ግን ከቦርሳዋ ኩል አወጣች። «ወንድሜ፣ ሳህኖቹ የሚያርፉበትን ቦታ በዚህ ኩል የኔው ራስ ላይ ምልክት አድርግልኝ። የት የት እንደሆነ ካወቅሁ ቀሪው የኔ ሥራ ነው።»

እሱ ፈገግ አለና ሰፋ ያለ ማብራሪያ ጀመረ። ይህ ክፍል ለእኔ ከታሪኩ ሁሉ በጣም የሚያስደስተኝ ነው፤ ሁለት ባለሙያዎች አንድ ዓይነት ነገር እንደሚያውቁ ድንገት የደረሱበት ሰዓት ነውና። ልኬቱ የሚጀምረው በሁለቱ ዓይኖች መካከል ካለው ጎድጓዳ ነው፤ የሚያልቀው ከማጅራት በላይ በጣት በሚዳሰሰው የአጥንት ጉብታ ላይ ነው። ያ ርቀት ለአሥር ይከፈላል። ከመነሻው አንድ እጅ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት እጅ እየተዘለለ ነጥብ ይደረጋል፤ መጨረሻ ላይ አንድ እጅ ይተርፋል። ወደ ጎንም ከጆሮ እስከ ጆሮ እንዲሁ ነው።

«ቆይ» አለች ዙለይሃ። ከነጠላዋ ጫፍ አንድ ክር መዝዛ ከአፍንጫዋ በላይ እስከ ጉብታው ለካች። ክሩን አምስት እጥፍ አጠፈችው፤ ከዚያ የአንዱን እጥፍ ግማሽ በጥፍሯ ያዘች። «ግማሽ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ሙሉ፣ ግማሽ። ይኸው ነው?»

ታረቀኝ በሜትሩ አጣራው። የአንድ ጣት ውፍረት እንኳ አልሳተችም።

«ይህንን ለመማር ስድስት ወር ፈጅቶብኛል» አለ።

«እኛ ራስ የምንከፍለው በክር ነው» አለችው። «ያለዚያ የግራውና የቀኙ ሹሩባ አይተካከልም።»

ነጥቦቹ በኩል ተደርገው አለቁ። ሁለቱ ግንባር ላይ ናቸው፣ ፀጉር አያገኛቸውም። ሁለቱ ጆሮ ላይ። የቀሩት አሥራ ሰባቱ ፀጉር ውስጥ ናቸው። ዙለይሃ በመስተዋት እያየች ቆጠረቻቸው፤ ከዚያም ሌላ ሰው ያላየውን አየች። ነጥቦቹን ከፊት ወደ ኋላ ካያያዟቸው አምስት መስመር ነው የሚሠሩት፤ አንዱ መሐል ለመሐል፣ ሁለቱ በዚህና በዚያ፣ ሁለቱ ደግሞ ከጆሮ በላይ። ሹሩባ ማለት ደግሞ ፀጉርን መጎንጎን ብቻ አይደለም፤ በጉንጉኖቹ መካከል ቆዳው የሚታይበት መስመር ማውጣትም ነው። መስመሮቹ ነጥቦቹ ላይ እንዲያልፉ አድርጋ ብትከፍለው፣ ፀጉሩ በጉንጉን ታስሮ ከመንገድ ይወጣል፤ ሳህኑም ከተገለጠው ቆዳ ላይ ያርፋል።

ሐሳቡ እንዲህ ቀላል ቢሆንም ሥራው ሦስት ሙከራ ፈጀ። በመጀመሪያው እንደ ልማዷ አጥብቃ ስለጎነጎነችው ኢንሳፍን ራሷን አሳመማት፤ ራሱን ያመመው ልጅ ደግሞ ለምርመራው እንቅልፍ አይወስደውም። በሁለተኛው ጉንጉኖቹን ሁሉ እንደ ወትሮው ወደ ማጅራት ሰበሰበቻቸው፤ የኋለኞቹ ሁለት ነጥቦች ከሥሩ ተቀበሩ። በሦስተኛው አላላችው፣ ጫፎቹንም ግራና ቀኝ ከፍላ ከጆሮ ሥር አሠረቻቸው። ያለ ቅቤ መጎንጎን ግን እስከ መጨረሻው አልተዋጠላትም። ፀጉሩ በእጇ ሲንኮሻኮሽ ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

ልጅቷም መዘጋጀት ነበረባት። ኢንሳፍ አንድ ፍርሃት ነበራት፤ ማሽኑ ሐሳቧን አንብቦ ለአክስቷ እንዳይነግር። ለተብርሃን ይህን ስትሰማ ሳቀች።

«ምን አድርገሽ ነው? ስኳር ሰርቀሻል?»

«አንድ ጊዜ ብቻ» አለች ኢንሳፍ።

ዙለይሃ ማሽኑ መስመር እንጂ ሐሳብ እንደማያይ ነገረቻት። ነገር ግን በመንገር ብቻ አልተወችውም። ማታ ማታ ጨዋታ አደረጉት። ዙለይሃ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፤ ኢንሳፍ ቁልፎችን በሊጥ እየለጠፈች የአክስቷን ራስ ትሞላለች፤ ከዚያ እንደ ባለሙያ ታዛለች። «ዓይንሽን ጨፍኚ። ክፈቺ። አትነቃነቂ አልኩሽ እኮ።» በአምስተኛው ቀን ተራ ተለዋወጡ። ኢንሳፍ ራሷ ላይ ሊጥ እንደተለጠፈ ግማሽ ሰዓት ሳትነቃነቅ ተኛች።

የምርመራው ቀን የካቲት ላይ ዋለ። ኢንሳፍ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተቀሰቀሰች፤ ሻይም ቡናም አልቀመሰችም፤ ገንፎ ግን በልታለች፤ የራበው ልጅ አንጎልም ሌላ መስመር ያወጣልና። የቀረው ደሴ እስኪደርሱ በመንገድ እንዳትተኛ ማድረግ ነበር። ሚኒባሷ ገና ከሐይቅ ሳትወጣ ጭንቅላቷ ወደ መስኮቱ ዘመመ።

«ሹፌር፣ ሙዚቃውን ከፍ አርገው፣ ልጅቷ እንዳትተኛ» አለች ዙለይሃ።

ሹፌሩ ሀሚዱ በመስተዋቱ አያት። «ሌላው ሰው ልጁን ለማስተኛት ቀንስ ይለኛል፤ አንቺ ደግሞ ከፍ አርግ ትያለሽ? በጤና ነው?»

ነገሩን ነገረችው። ከዚያ በኋላ ሚኒባሷ ሙሉ የኢንሳፍ ሆነች። ከኋላ ያሉ ሽማግሌ እንቆቅልሽ ጀመሩ። አንዲት ዶሮ የያዘች ሴት ዶሮዋን አሳቀፈቻት። መሐል የተቀመጠ ጎረምሳ ጉንጩን በጫት እንደወጠረ፣ «አንድ ቅጠል ብትሰጧት እስከ ነገም አትተኛ» አለ።

«አንተን ነው መመርመር!» አለችው ባለ ዶሮዋ። «እስቲ የዚህን ልጅ አንጎል አንሡልኝ፣ መስመር ከተገኘበት።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ኢንሳፍም ሳቀች። ደሴ መግቢያ ጢጣ ሲደርሱ ልጅቷ ሽማግሌውን በእንቆቅልሽ ሦስት አገር አስከፍላቸው ነበር። ሲወርዱ ሀሚዱ «አብሽሪ» አላት፤ «ስትመለሺ መተኛት ትችያለሽ፣ ያኔ ሙዚቃ የለም።»

ያንን መንገድ ዙለይሃ ዛሬም ትናፍቀዋለች። ሽማግሌው በኋላ ከመጣው ጦርነት ወዲህ የት እንደደረሱ አታውቅም፤ ስማቸውንም አልጠየቀቻቸውም።

ታረቀኝ ሻሹን ገለጠ። አምስት የነጣ መስመር፣ በመካከላቸው ስድስት ልል ጉንጉን። ሜትሩን አውጥቶ ነጥቦቹን በእርሳስ አደረገ፤ ሁሉም መስመሮቹ ላይ አረፉ። አንዱ ብቻ፣ ከቀኝ ጆሮ በላይ ያለው፣ ግማሽ ጣት ራቀ፤ እሱንም ፀጉሩን በማበጠሪያ ጫፍ ገፋ አድርጎ አስተካከለው። ለጥፎ ሲጨርስ ሃያ ደቂቃ አልሞላም።

ኢንሳፍ ተኛች፣ ነቃች፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት አየች። በመጨረሻ ታረቀኝ ሲነፉባት የምትዞር የወረቀት ፉሪት ሰጥቷት ሳታቋርጥ እንድትነፋ ጠየቃት። ቶሎ ቶሎ መተንፈስ እንዲህ ያለውን መፍዘዝ ይጠራዋል። ሁለተኛው ደቂቃ ላይ ፉሪቷ ቆመች። የኢንሳፍ ዓይን ተተከለ። ዙለይሃ ወደ ማሽኑ መስኮት ዞረች። እስከዚያ እንደ ተበተነ ክር የነበሩት መስመሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ ሹል፣ ሞገድ፣ ሹል፣ ሞገድ፣ በሰከንድ ሦስት ጊዜ፣ ከግንባር እስከ ማጅራት እኩል። ዘጠኝ ሰከንድ ቆየና ቆመ። ፉሪቷ መዞር ጀመረች።

«አየሽው?» አለ ታረቀኝ፣ ቀስ ብሎ።

«አየሁት» አለች። ለወራት በእጇ ስታውቀው የኖረችው ነገር ነበር።

ሐኪሟ ወረቀቱን እንዳየች ሽሮፕ አዘዘች። ግንቦት ላይ መፍዘዙ ቆመ። በምርመራው ሳምንት ኑርሀያት ዓርብ ስትደውል ስድስቱን ጉንጉን አይታ፣ «ይኼ ምን ዓይነት ሹሩባ ነው? ሠላሳው የት ሄደ?» አለች። ዙለይሃም ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። ኑርሀያት ሰምታ ስትጨርስ ስልኩ ላይ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ሐይቅ ደረሰ። ዙለይሃ ልጅቷንና ሦስት ጠርሙስ ሽሮፕ ይዛ አርዲቦ ወዳለው የአባቷ ቤት ሄደች። አንዱ በመንገድ ተሰበረ። ሁለቱ ሲያልቁ ፍዘቱ ተመለሰ፤ ሐይቅም ደሴም ተይዘው ስለነበር መድኃኒት የሚገኝበት መንገድ አልነበረም። ያኔ ልጅቷን በወገቧ በነጠላ ከራሷ ጋር እያሰረች ነበር ውኃ የምትቀዳው። ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ ደጃፉ ባዶ ነበር፤ በደሴው ክሊኒክም ማሽኑ አልነበረም። ሽሮፑ ግን ከአንድ ፋርማሲ ተገኘ፤ ልጅቷ ሳትፈዝ ሁለት ዓመት እስኪሞላ መድኃኒቱ አይቋረጥምና ሐኪሟ ቆጠራውን እንደ አዲስ አስጀመረቻቸው።

ቆጠራው በ2016 ታኅሣሥ አለቀ። ታረቀኝ ያኔ ደሴ ውስጥ አዲስ ማሽን ያስገባ ሌላ ቦታ ይሠራ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የሞላት ኢንሳፍ ፉሪቷን ሦስት ደቂቃ ሙሉ አዞረቻት። መስመሮቹ አልተነሡም። ሽሮፑ በወራት ውስጥ እየተቀነሰ ቆመ።

ታረቀኝ ከዚያ ወዲህ ፀጉራቸው የሚያስቸግረውን ልጆች ወደ ሐይቅ ይልካቸዋል፤ ከደሴ፣ ከመርሳ፣ ከውጫሌ ይመጣሉ። አሁን በዙለይሃ ደጃፍ ያለችው የውጫሌዋ የመስኡዳ ልጅ ሀውራ ናት፤ አራት ዓመቷ ነው። ነገ ቀጠሮ አላት። ችግሩ አዲስ ነው። አምስቱ መስመር ሃምሳ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሀውራ ከአምስት ደቂቃ በላይ አትቀመጥም። ፀጉሯም አጭር ነው፤ ገና ሁለት ጣት አልሞላም፤ ሳይጠብቅ ይፈታል፣ ሲጠብቅ ያማታል። ሌሊት ተኝታ ሳለች እንዳትሠራት ደግሞ ከዛሬ ማታ ጀምሮ ልጅቷ መተኛት የለባትም።

ስለዚህ ዙለይሃ የቀኑን እንቅልፍ መረጠች። ሀውራ ምሳዋን በልታ በእናቷ ጭን ላይ ተኝታለች። ዙለይሃ ከጎኗ ተንበርክካ፣ ክሩን በጥርሷ ይዛ፣ በውኃ ብቻ በራሰ ጣቷ ትከፍላለች። ሁለቱ መስመር አልቀዋል። ሦስተኛው መሐል ላይ ደርሷል። ጉንጉኑን በመጎንጎን ፋንታ ፀጉሩን በጥቂት በጥቂቱ እየጠቀለለች በክር ማሰር እየሞከረች ነው፤ ይህንን ከዚህ በፊት ሠርታው አታውቅም፤ እስከ ነገ ይቆይ አይቆይ አታውቅም።

ሀውራ እግሯን አወራጨች። መስኡዳ ቀና ብላ አየች።

«አትንኪያት» አለች ዙለይሃ በሹክሹክታ፣ እጇን ሳታነሣ። «ወደ ግራ ቀስ አርገሽ አዙሪልኝ። ሁለት ቀረኝ።»